ካሽሚር ለምን ይወደዳል?

ባለፈው ኅዳር ነው፣ ሰኞ ጠዋት። ፀሐይ ገና አልወጣችም። የደሴ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዝም ብሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሰኞ ገበያ ውስጥ ስዞር አንድ ስካርፍ ሻጭ ጠራኝ።

«እህቴ፣ እስኪ ንኪው! ካሽሚር ነው፣ ኦሪጅናል!»

ነካሁት። እውነትም ለስላሳ ነው። ግራጫ ነው፣ ዳር ዳሩን እንደ ጠብታ የጎበጠ ጥለት አለው። ጫፉ ላይ በተሰፋችው ትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ «100 በመቶ ካሽሚር» የሚል ተጽፏል። ዋጋው የአንድ ደህና ጋቢ ሩብ እንኳ አይሞላም። ገዛሁት።

ቤት ገብቼ አንዲት ክር መዘዝኩና በክብሪት ለኮስኳት። ጥቁር ጭስ አወጣች። ከዚያ ቀለጠች። ጫፏ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠጣር ጥቁር ጠብታ ቀረች። የእንስሳ ፀጉር ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ፀጉር ይሸተኝ ነበር። አመዱም በጣት ሲነኩት ብን ይል ነበር። ይሄኛው አክሪሊክ ነው። በቀላሉ ፕላስቲክ በሉት።

ሻጩን አልተቀየምኩትም። እሱም ጨርቁ ላይ ያነበበውን ነው የነገረኝ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ከረመ። ደሴ ውስጥ እውነተኛ ካሽሚር በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ታዲያ ስሙን ስንሰማ ብቻ እጃችን ወደ ቦርሳችን የሚሄደው ለምንድን ነው? በአማርኛ «ተወደደ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ሰው አፈቀረው፣ ደግሞም ዋጋው ወጣ። ካሽሚር ሁለቱንም ሆኗል። ሁለቱ ግን ከአንድ ቦታ የመጡ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው ካሽሚር የበግ ፀጉር ይመስለዋል። የፍየል ነው። እኛ አገር የፍየል ፀጉር ሲባል ትዝ የሚለን ማቅ ነው። ሻካራ፣ የሚኮሰኩስ፣ የሐዘንና የምናኔ ልብስ። ይህን ያህል የሚያሻክር ነገርና በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት ጨርቆች አንዱ ከአንድ እንስሳ ገላ መምጣታቸው ያስገርማል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የብርድ አገር ፍየል ሁለት ልብስ ትለብሳለች። ላይኛው ረጅምና ሻካራ ነው፣ ንፋስና በረዶ ይመልስላታል። ከሥሩ ቆዳዋን ተጠግቶ ደግሞ እንደ ባዘቶ የሳሳ ፀጉር ይበቅላል። ካሽሚር የሚባለው ይሄ የውስጠኛው ብቻ ነው። የሞንጎሊያ ክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል። ያለዚህ የውስጥ ልብስ ፍየሏ ያንን ቅዝቃዜ አትሻገረውም።

«ታዲያ የኛስ ፍየሎች? ቦሩ ሜዳ ላይ ውርጭ ይጥል የለ እንዴ?» አለችኝ አንዲት ጓደኛዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ደስ ይላል። ፍየሏን ፀጉር አብቅዪ የሚላት ብርዱ ብቻ አይደለም፣ የቀኑ ርዝመት ጭምር ነው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ሰውነቷ ያንን ይቆጥራል፣ የውስጡን ፀጉር ማብቀል ይጀምራል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያቆማል። ክረምታቸው አልፎ ሙቀት ሲመጣ ፀጉሩ ራሱ ይለቃል። ሞንጎሊያ ውስጥ ረጅሙ ቀን ከ15 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው፣ አጭሩ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደሴ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሆንም። የወሎ ፍየል ቢበርዳትም፣ ሰማዩ «ክረምት መጣልሽ፣ ተዘጋጂ» ብሎ አይነግራትም።

አሁን ወደ ልስላሴው። የፀጉር ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ካሽሚር አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 18 ነው። ወፍራም የሱፍ ሹራብ አንገታችንን የሚያሳክከን ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከ30 ማይክሮን የሚወፍር ፀጉር ቆዳችንን ሲነካ አይታጠፍም። እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይወጋል። ቀጭኑ ግን ገና ሲነካን ይጎነበሳል፣ ቆዳችንም ምንም አይሰማውም። ልስላሴ የምንለው ይሄ ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድን ልብስ ካሽሚር ለማለት የፀጉሩ አማካይ ውፍረት ከ19 ማይክሮን እንዳያልፍ ይጠይቃል። ከ30 ማይክሮን የሚወፍረው ፀጉር ደግሞ በክብደት ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። 3 በመቶ! ጥቂት ሻካራ ፀጉር ሙሉውን ልብስ ያበላሸዋል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አያቴ ፊቴ ላይ መጣች። ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ታባዝታለች፣ ከዚያ እንዝርቷን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች። ሰፈሩ «ቀጭን ፈታይ» ይላታል። በእሷ ዘመን ለአንዲት ሴት ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አልነበረም። ክሯ ሲቀጥንም አይበጠስም፣ ሲበጠስም ቋጠሮው አይታይም። ሸማኔው የእሷን ልቃቂት ከሌላው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ ቅጥነት ክብር መሆኑን ለማወቅ የውጭ መጽሔት ማገላበጥ አያስፈልገንም። እኛ ከድሮም እናውቀዋለን። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ ቅጥነቱን የምታመጣው የሴቲቱ እጅ ናት። እዚያ ፍየሏ ግማሹን ሠርታ ትሰጣለች።

ግማሹን ነው ያልኩት። ቅጥነት ብቻውን አያሞቅማ። አንዲት የጥጥ ዘለላም ብትለካ ከካሽሚር ብዙ አትርቅም። ጥጥ ግን ሲጫኑት ይተኛል፣ ሲረጥብ ይጣበቃል። የካሽሚር ፀጉር በተፈጥሮው የተጠቀለለ ነው። ቢጫኑትም መልሶ ይነሳል፣ በመካከሉም አየር ይይዛል። የሚያሞቀን እኮ ጨርቁ ሳይሆን የታሰረው አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀው አራት ድርብ ስለሆነ ነው፣ በየድርቡ መካከል አየር አለ። ካሽሚር ያንኑ ሥራ በአንድ ስስ ሽፋን ይሠራዋል። ላብም ይመጣል፣ እርጥበቱን ወደ ውስጡ ይስበዋል፣ ሰውየው ግን አይቀዘቅዘውም። ሙቀት ያለ ክብደት። ሰው የሚወድበት ዋናው ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ከደሴ ተነስታችሁ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬታችሁን አውልቃችሁ በክንዳችሁ ትሸከማላችሁ አይደል? ካሽሚር የለበሰ ሰው ያንን ሸክም አያውቀውም።

ዋጋውስ? አንዲት ፍየል በዓመት የምትሰጠው የጠራ ካሽሚር 150 ወይም 200 ግራም ቢሆን ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር አይሞላም። ለአንድ ሹራብ የሦስት አራት ፍየል የዓመት ምርት ይሄዳል። አንድ ደህና የሜሪኖ በግ ግን በአንድ ሸለታ አራትና አምስት ኪሎ ፀጉር ይሰጣል። ካሽሚር ደግሞ በደንቡ አይሸለትም፣ ይበጠራል። አርብቶ አደሩ በጸደይ ፍየሏን አስሮ፣ አስተኝቶ፣ በብረት ማበጠሪያ ቀስ እያለ የላላውን ያወጣል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፣ መለየት። የተበጠረው ፀጉር ውስጥ ሻካራው አብሮ አለ። ይታጠባል፣ ይለያል፣ በነጭና በቡናማ ይደረደራል፣ ረጅሙ ከአጭሩ ይነጠላል። በዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ድሮ ይህን የሚሠሩት የሴቶች ጣቶች ነበሩ፣ ፀጉር በፀጉር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ብሪታንያ ውስጥ ጆሴፍ ዳውሰን የሚባል ሰው በማሽን መለየት ጀመረ። የስኮትላንድ ካሽሚር ስም እንዲያገኝ ይህም ረድቷል። ስኮትላንድ የካሽሚር ፍየል አገር አይደለችም። ያላት የመለየትና የመፍተል ሙያ ነው። ለጨርቁ ስሙን የሰጠው፣ በሕንድና በፓኪስታን መካከል ያለው የካሽሚር ምድር ሸማኔዎችም ቢሆኑ ጥሬውን የሚያገኙት ከላዳክና ከቲቤት ከፍታዎች ነበር። ፍየሉ የሌላ፣ ስሙ የነሱ። ለእኔ የካሽሚር ታሪክ ቁልፉ እዚህ ነው። ስም ያወጣው ያበቀለው ሳይሆን የለየውና የሸመነው ነው።

ስሙ እንዴት እንደተስፋፋ ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ልለፈው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የካሽሚር ሻል አውሮፓ ገባ። የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን በጣም ወደደችው፣ ቤተ መንግሥቱ ተከተላት። እኛም ጋ ካባና ላንቃ ሹመት ይናገር የለ? እንደዚያው ነው። ደሃው ቱባውን መግዛት ሲያቅተው ደግሞ አስመሳዩ መጣ። ፔዝሊ የምትባል የስኮትላንድ ከተማ ሻሉን በሌላ ክር አስመስላ በብዛት መሸመን ያዘች። ያ እንደ ጠብታ የጎበጠ የካሽሚር ጥለት ዛሬ በዓለም የሚጠራው በእሷ ስም ነው። የኔ የሰኞ ገበያ ስካርፍ ዳር ላይ ያለው ይኸው ጥለት ነው። አስመሳይ ካሽሚር ትናንት የተጀመረ አይደለም።

የአሁኑን ዘመን ልዩ የሚያደርገው ብዛቱ ነው። በቅርብ ዓመታት ሀብታሞች ትልቅ ምልክት የተጻፈበት ልብስ ሰልችቷቸው ምንም ያልተጻፈበት፣ ሲነኩት ብቻ የሚታወቅ ልብስ መፈለግ ጀመሩ። ለዚህ ደግሞ ካሽሚርን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤልቪኤምኤች የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የጣሊያኑን የካሽሚር ቤት ሎሮ ፒያናን 80 በመቶ ድርሻ በ2 ቢሊዮን ዩሮ ገዛ። ሌላው ሰው ደግሞ ያንኑ በርካሽ ፈለገ። ሁለቱም ፍላጎት የሚያርፈው በአንድ ቦታ ላይ ነው፣ በሣሩ ላይ።

ሞንጎሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1990 ድረስ 5 ሚሊዮን ያህል ፍየል ነበር። ሶሻሊዝም ሲወድቅ መንጋው ለግለሰብ ተላለፈ፣ ገንዘብ የሚያመጣው ደግሞ ካሽሚር ሆነ። ቁጥሩ ከ25 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የፍየልን አበላል የወሎ ገበሬ ያውቀዋል። በግ የተወውን ፍየል አይተወውም፣ ከነሥሩ ይነቅላል። ግጦሹ ሳሳ። በሳሳ ግጦሽ ላይ ከባድ ክረምት ሲመጣ ከብቱ በገፍ ያልቃል። በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. በነበረው ክረምት ከ8 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል። አርብቶ አደሩ የጎደለውን ለመሙላት ሌላ ፍየል ያረባል። እኔ በዚህ እሱን ልወቅስ አልችልም። ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያው ነው።

በስፌቱ በኩል ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የሚላኖ ፍርድ ቤት ያንኑ ሎሮ ፒያናን ለአንድ ዓመት በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሥር አደረገው። ልብሱን በንዑስ ሥራ ተቀባይነት በሚሰፉ ወርክሾፖች ውስጥ ሠራተኞች ሲበዘበዙ በቂ ቁጥጥር አላደረገም በሚል ነው። ይህን ዜና ሳነብ የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው ትዝ ያሉኝ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቶቹ በተስፋ ገቡ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የነበረውን የአጎዋ ገበያ ዘጋችብን። የሚሰፋ እጅ በሁሉም አገር ከልብሱ ዋጋ ውስጥ ትንሹን የሚወስድ ነው። ውድ ልብስ መሆኑ ይህን አልቀየረውም።

ርካሹ ካሽሚርስ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ እንደኔ ስካርፍ ጭራሽ ካሽሚር አይደለም። አንዳንዱ ግን እውነተኛ ነው፣ ከአጭሩና ከተራረፈው ፀጉር የተፈተለ። ሱቅ ውስጥ እንዲለሰልስ ብዙ ይታጠባል፣ ላላ ተደርጎ ይሠራል። ስትነኩት ያታልላል። በሁለተኛው ሳምንት ብብቱ ሥርና ክርኑ ላይ ትንንሽ ኳሶች ያወጣል። አጭር ፀጉር ክሩ ውስጥ ስለማይታሰር ሾልኮ ይወጣና ይጠቀለላል። ጥሩ ካሽሚር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደረቅ ያለ ነው፣ በለበሱት ቁጥር ይለሰልሳል። ስለዚህ ሲነኩት እጅግ የሚያባብል ርካሽ ሹራብ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። ወጠር አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተዉት። በመዳፋችሁ ደጋግማችሁ አሹት፣ ወዲያው ፀጉሩ ከተነሳ ተዉት። ክር መዝዞ ማቃጠል ፕላስቲኩን ያጋልጣል፣ የበግ ፀጉርን ከካሽሚር ግን አይለይም። ለዚያ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ የጨርቃጨርቅ ምህንድስና ያስተምራል። እዚያ የሚማሩ ልጆች የገበያችንን ጨርቅ እያዩ ምንነቱን ቢነግሩን ምንኛ ደስ ባለኝ።

በነገራችን ላይ ሰልባጅ ውስጥ እውነተኛ ካሽሚር ይገኛል። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ቢሆንም ገበያው ላይ እንዳለ ሁላችንም እናያለን። ጓደኛዬ አንድ ቡናማ ሹራብ ከክምር ውስጥ አወጣች። ብል ሁለት ቦታ በልቶታል። ብል ፕላስቲክ ስለማይበላ ይሄ ራሱ ጥሩ ምልክት ነበር። ደስ ብሏት ቤት ወሰደችው፣ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አሸችው። ከገመዱ ላይ ስታወርደው ለአምስት ዓመት ልጇ ልክ ሆነ። የእንስሳ ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ያለ ቅርፊት አለው። ሙቀትና ማሸት ሲያገኝ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ከዚያ አይላቀቅም። ካሽሚር በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠባል። አይጠመዘዝም። አይሰቀልም። ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ስም ልመለስ። ደሴ ውስጥ «ሙሉ ሱፍ ለብሶ መጣ» ስንል ስለ ሙሽራው ኮትና ሱሪ ነው የምናወራው። ጨርቁ ፖሊስተር ሊሆን ይችላል፣ አንጠይቅም። ሱፍ ማለት የበግ ፀጉር መሆኑን ረስተን የልብሱ ቅርጽ ስም አደረግነው። ካሽሚርም ወደዚያው እየሄደ ነው። ለዒድ በሚደረደረው ሂጃብ ላይ፣ በወንዶቹ ስካርፍ ላይ፣ በየቦታው ካሽሚር ተጽፏል። ትርጉሙ «ለስላሳ» ከማለት አያልፍም። ስም ከዕቃው ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚጎዳው በትክክል የሚሠራው ሰው ነው። ሲበጥርና ሲለይ የከረመው፣ ከፕላስቲኩ ጋር በአንድ ስም ይሸጣል።

ይህን ነገር ከሩቅ አገር ጉዳይ አድርጌ ማየት ያልቻልኩበት ምክንያት አለኝ። ስም ያላት ፍየል እኛም አለችን። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ ባቲ ትገኛለች። የእሷም ገበያ ሰኞ ነው። በዓለም የቆዳ ንግድ ውስጥ «ባቲ ጄኑይን» የሚባል የፍየል ሌጦ አለ። ከዚህ አካባቢ የሚወጣ ነው። በውፍረቱ፣ በመተጣጠፉና በውስጥ ገጹ ንጽሕና ይታወቃል። ጥሩ ሱዊድ፣ ማለትም የውስጥ ገጹ ወደ ውጭ የሚወጣ ለስላሳ ቆዳ፣ ለመሥራት የሚፈለግ ነው። የሞንጎሊያ ፍየል ሀብቷ ፀጉሯ ላይ ነው፣ የኛዋ ቆዳዋ ላይ። ካሽሚር በሻጩ አፍ ሲጠራ ሰው ዋጋ ይጨምራል። ባቲ የሚለውን ስም ግን የሱዊድ ጃኬት የለበሰው ሰው አልሰማውም። የደሴ ልጆችም ብዙዎቻችን አልሰማነውም።

በየበዓሉ ደግሞ የምናየው ያሳዝናል። ድሮ ሌጦ ገዢው በር እያንኳኳ ይለምን ነበር። አሁን አሁን በግና ፍየሉ ይታረዳል፣ ሌጦው የትም ይጣላል። ዋጋው ወድቋል። ጥራቱም ወርዷል። የሌጦ ነጋዴዎች «እከክ» የሚሉት አለ። ቅማልና የቆዳ ተባይ የሚያመጣው ነው፣ ሌጦው ከተለፋ በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሲገፈፍ የሚያርፍበት ቢላዋም ሌላ ጉዳት ነው። ሁለቱም የሚድኑ ነገሮች ናቸው። ፍየሏን በጊዜ ማከም፣ በቢላዋ ፈንታ በጡጫ መግፈፍ፣ ወዲያው ጨው መነስነስ። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ከማያደርገው የተለየ ገንዘብ ካላገኘ ለምን ይደክማል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ሌጦ የሚሰበስቡ አንድ አባት መጋዘን ገብቼ ነበር። ጨው የተነሰነሰበት ሌጦ ተከምሯል። አንዱን አነሱ፣ ገልብጠው መዳፋቸውን አሳለፉበት፣ ወደ ብርሃን ዘረጉት። ወደ ግራ አስቀመጡት። ቀጣዩን ወደ ቀኝ። ሦስተኛውን ወደ መሃል። ዓይናቸው ብዙም አያይም፣ ጣታቸው ነው የሚመርጠው።

«አባባ፣ ይሄ የግራው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ይሄ አንደኛው ነው። የባቲ። ንኪው እስኪ።»

ነካሁት። ወፈር ያለ ነው፣ ግን በእጄ ላይ እንደ ጨርቅ ታጠፈ።

«ዋጋውስ ከሌላው ስንት ይበልጣል?»

«ኧረ ልጄ፣ ያው ነው። ጭነውት ሲሄዱ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥሩት።»

ይህን እያሉ አራተኛውን ሌጦ አነሱ፣ ገለበጡት፣ መዳፋቸውን አሳለፉበት። ወደ ግራ አስቀመጡት።